ሽመላ ውሃ ዳር

«እናቴ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆዩን» አለ አስጎብኚው ሰውአገኝ፣ ጎንበስ ብሎ የባንቺአየሁን ጫማ ሲመለከት ከቆየ በኋላ።

ጫማው የእሷ አልነበረም። ባለፈው ጥር የተዳረችው ትንሿ ልጇ ትታው የሄደችው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለበት የስፖርት ጫማ ነው። ለእግሯ ስለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፋበታለች። ወጣቱ ይህን እንዴት እንዳወቀባት ገረማት።

«ምነው?» አለች።

«የምንወርደው በገመድ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድንጋዩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም። እህቴ ምግብ ቤት ጥላ አለ። ቁጭ ብለው ጠላ እየቀመሱ ቢጠብቁን ይሻላል።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም።»

ከኋላዋ ስምንት ወጣቶች አፋፉ ላይ ተደርድረው የቦርሳቸውን ማንገቻ ያጠባብቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ማን እንደሆነ አላየችም፣ «ቲቸር ካርታውን ይዘው ከላይ ይምሩን» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። የባሰ የተሰማትም ለዚህ ነው። ለክፉ ሳቅ መልስ ነበራት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ስትመልስለት ኖራለች።

እንዳልካቸው አልሳቀም። የጉዞው አዘጋጅ እሱ ነው። ጎንደር ፒያሳ ፋርማሲ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በቴሌግራም ሰው ሰብስቦ ተራራና ገደል ያዞራል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ጂኦግራፊ ያስተማረችው እሷ ስለሆነች፣ ባለፈው ሳምንት ደውላ «ቦታ አለ ወይ?» ስትለው እምቢ የሚልበት አንደበት አላገኘም። አሁን ግን ሰዓቱን አየ።

«ሰውአገኝ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው፣ ቲቸር» አላት። «እኛም ቶሎ እንመለሳለን።»

አንድ በአንድ ከአፋፉ ተሻግረው ተሰወሩ፤ መጀመሪያ እግራቸው፣ ቀጥሎ ወገባቸው፣ በመጨረሻ ባርኔጣቸው። ድምፃቸው ግን ለረጅም ጊዜ ከገደሉ ሆድ ይመጣ ነበር። ባንቺአየሁ ቆማ አዳመጠችው።

ሾላ አፋፍ ከአምባ ጊዮርጊስ ተገንጥሎ አንድ ሰዓት ተኩል ኮረኮንች መንገድ የሚያስኬድ፣ ገደል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የአንድ ረድፍ ቆርቆሮ ቤት ከተማ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወዲህ የከተማ ሰው ለሁለት ነገር ይመጣበታል፤ ገደሉን ለመውረድና የአምባዛ ዓሣ ወጥ ለመብላት። ባንቺአየሁን ያመጣት ግን ወንዙ ነው። ሽመላ ውሃ በካርታዋ ላይ ከክር የቀጠነ ሰማያዊ መስመር ነበር። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የተከዜን ገባሮች ስትስል በአንድ የጠመኔ ጭረት ታልፈዋለች። ስሙን ስንት ጊዜ ጠርታዋለች፤ እጇን ግን ነክራበት አታውቅም። ከቀሐና ከመገጭ በቀር ካስተማረቻቸው ወንዞች አንዱንም አልነካችም። ሁለት ልጅ ለብቻ ማሳደግ፣ የፈተና ወረቀት ማረም፣ አልጋ የያዘች እናትን ማስታመም፤ ዘመኑ እንዲያው አለቀ። በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች።

ልጅቷ ከተዳረች ወዲህ ደግሞ እግሯ ቤት አልቀመጥ ብሏታል። ከቀሐ ሰፈር ተነሥታ ፒያሳ ትወጣለች፣ ጨው ገዝታ ትመለሳለች፤ ቤት ስትደርስ ጨው ሞልቷል። የቁም ሣጥኑን ልብስ አውጥታ መልሳ ታጥፈዋለች። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች «እማማ፣ ዛሬስ ወዴት?» ማለት ጀምረዋል። ወንበር ላይ አረፍ ስትል ከጉልበቷ ሥር አንድ ነገር ይርመሰመሳል። ሕመም አይደለም፤ ሐኪምም አይቶ አላገኘውም። ብቻ ሂጂ ሂጂ ይላታል።

ከምግብ ቤቱ ጓሮ የአህያ ኮቴ ተሰማ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት አህያ እየጫነች ነበር። በአንድ ጎን ሁለት አገልግል፣ በሌላው ጎን ጠላ የሞላ ጀሪካን፣ ከላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት።

«ይህ ሁሉ ወዴት ነው?» አለች ባንቺአየሁ።

«ወደ ወንዝ ነዋ። ገመድ ምሳ አያወርድም።»

«በየት በኩል?»

«በእኛ በኩል። ውሃ ስንቀዳ፣ ልብስ ስናጥብ የምንወርድበት አለ። ይረዝማል እንጂ ሸጋ መንገድ ነው።»

«ልከተልሽ?»

ሴትዮዋ ጫማዋን ሳይሆን ፊቷን አየች። «ጉልበት ካለዎት ማን ይከለክልዎታል» አለችና ገመዱን አጥብቃ ቋጠረችው።

ስሟ ዓይናዲስ ነው። የሰውአገኝ ታላቅ እህት ነች፤ እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው እጇ ላይ የቀረው። ቁልቁለቱን እየወረዱ ይህን ሁሉ ሳትጠየቅ ነገረቻት፣ ከፊቷ ከምትሄደው አህያ ጋር የምታወራ ይመስል ወደ ኋላ ሳትዞር። ወንድሟ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ወባ ይዞ ነው የተመለሰው። ሁለት ዓመት ደጅ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ሲያይ ኖረ። ከዚያ የከተማ ሰው ገደሉን መውደድ ሲጀምር ገመድ ማሰር ተማረ። በመጋቢት ወረዳው የአስጎብኚነት ፈቃድ ሰጠው፣ ፎቶውን ለጥፎ፣ በላስቲክ ሸፍኖ።

«አንገቱ ላይ ያያችሁት እሱ ነው። ሲተኛም አያወልቀው» አለች ዓይናዲስ። «ሰው የሆነ በሱ ነው እትዬ። አሁን ሲሄድ እንኳ ምድሩን ረገጥ አድርጎ ነው።»

ባንቺአየሁ በደንብ አላዳመጠቻትም። በዚያች ሰዓት ቆዳዋ ነበር የሚያዳምጠው። ከላይ ሲነሡ ነፋሱ የገብስ ማሳ ሽታ ያለው፣ ነጠላ የሚያስደርብ ነበር። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በታች ብርዱ ተገፈፈ። ከሁለተኛው በታች ኮሽምና ቁልቋል መጣ፤ ከዚያ ግራር፣ ከዚያ ወገብ የሚደርስ የማሽላ አገዳ፣ ከዚያ ፊት ላይ እንደ ምድጃ የሚተነፍስ ሙቀት። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ሦስት ቃል ነበሩ፤ በሦስት ቀለም ጠመኔ የምትቀባቸው። አሁን በአንድ ሰዓት ውስጥ በአንገቷ፣ በብብቷ፣ በጉሮሮዋ ስታልፍባቸው፣ ስታስተምር የኖረችው የሰው ወሬ ሆኖ ተሰማት። ሁለት ጊዜ ተንሸራትታ ወደቀች። ሁለቱንም ጊዜ አህያዋ ቆማ ጠበቀቻት።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከበላይ፣ ከወገራ በኩል፣ ጥልቅ ያለ ጉርምርምታ መጣ። ከበላያቸው ያለው ሰማይ ንጹሕ ነበር። ዓይናዲስ ቆማ ጆሮዋን ቀሰረች።

«ላይ እየጣለ ነው» አለች።

«ሩቅ ነው» አለች ባንቺአየሁ።

ሩቅ መሆኑስ እውነት ነበር።

የመጨረሻውን ድንጋይ ሲዞሩ ወንዙ ድንገት ከእግራቸው ሥር ተገኘ። ባንቺአየሁ የጠበቀችውን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ጠጠሩ ከታች አንድ በአንድ የሚታይበት፣ ከጉልበት የማያልፍ ጥሩ ውሃ ነው። በሁለቱም ወገን ገደሉ ወደ ላይ ተገትሮ ሰማዩን ጠባብ ጨርቅ አድርጎታል። ከወንዙ መካከል እንደ ገበታ የተዘረጋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ወጣቶቹ ቀድመው ደርሰው እዚያ ላይ ሰፍረዋል፤ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ሰደው ፎቶ ይነሣሉ፣ ይረጫጫሉ። ሰውአገኝ ወደ ማዶ ተሻግሮ፣ ከገደሉ ሥር፣ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ባንቺአየሁን ከእህቱ ኋላ ሲያያት ሥራውን አቋርጦ ትንሽ ተመለከታትና ራሱን ነቀነቀ። ቅር ይበለው ደስ ይበለው ከዚያ ርቀት አይለይም።

ዓይናዲስ ጭነቱን አውርዳ ጆግ ይዛ ወደ ዳሩ ወረደች። ቀድታ ተጉመጠመጠችና ተፋችው። እንደገና ቀዳች፣ አሸተተች። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ወደምትፈታው ወደ ባንቺአየሁ መጣች።

«እትዬ፣ ውሃው አፈር አፈር አለኝ» አለች። «ይዩልኝ እስኪ። እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

ባንቺአየሁ አየች። በውሃው ፊት ላይ የገለባ ስባሪ ይወርዳል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ከድንጋዮቹ ሥር እንደ ሳሙና ያለ አረፋ ተሰብስቧል። አጠገቧ ያለው ድንጋይ ሲመጡ ደረቅ ነበር፤ አሁን አንገቱ ላይ እርጥብ ቀለበት አለው። ይህን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የምታስተምረው ትምህርት ነው፤ ደራሽ ውሃ ሰማይ በጠራበት ይመጣል፤ ዝናቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ተማሪዎቿ ደብተራቸው ላይ ከሥሩ እንዲያሰምሩበት ታዝ ነበር።

አንድ እግሯ ባዶ ሆኗል። ከውሃው የሚለየው አንድ እርምጃ ነው። አሁን አፏን ብትከፍት ሰውአገኝ ያፏጫል፣ ሁሉም ተጠራርተው ይወጣሉ፣ አህያዋ እንደገና ትጫናለች፤ እሷም ያን ሁሉ አቀበት ተመልሳ ጥላ ሥር ጠላ ይዛ ትቀመጣለች። ሰኞ ክፍል ትገባለች። ሽመላ ውሃን በአንድ ጭረት ታልፈዋለች። ሰኔ ይመጣል።

«ላይ ከብት እያጠጡ ይሆናል» አለች። «ከብት ሲገባበት ይደፈርሳል።»

ዓይናዲስ ወንድሟን ልትጣራ እጇን ወደ አፏ አቅርባ ነበር። ትንሽ አሰበችና አወረደችው። «እንዲያ ይሆናል» ብላ ወደ አገልግሎቿ ተመለሰች።

ባንቺአየሁ ሰዓቷን አየች። ወንዙን የነካችባትን ደቂቃ ማስታወስ ፈልጋ ነው። ስድስት ሰዓት ከአሥር ይላል። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ጠጠሩ ከውስጥ እግሯ ሥር ተንቀሳቀሰ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ከቦ፣ በጣቶቿ መካከል ሾልኮ፣ ይዟት ሊሄድ እንደሚፈልግ ሁሉ ገፋ አደረጋት። ከጥር ጀምሮ ከጉልበቷ ሥር የሚርመሰመሰው ነገር ዝም አለ። እንዲህ ዝም ይላል ብላ አስባ አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነች። ወጣቶቹ ከድንጋዩ ላይ «ቲቸር መጡ» ብለው ሲያጨበጭቡ ሰማች፤ እጇንም አነሣችላቸው። ቆማ ሳለች፣ አንዲት እርምጃ ሳትንቀሳቀስ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ባቷ ወጣ። ይህንንም አወቀች። ዓይኗን ገልጣ ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ከአሥራ ሰባት ይላል። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ አለች በልቧ።

ከዚያ ኮረኮንች ላይ የሚመጣ የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ ከላይኛው መታጠፊያ ተሰማ። እዚያ ግን መንገድ የለም።

«ውጡ» ብላ ጮኸች። ስልሳ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኘው ድምፅዋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። «ድንጋዩን ልቀቁ። ወደ ላይ ውጡ።»

ወደ ማዶ ዘለሉ። ሰባቱ ዘለሉ። ስምንተኛዋ፣ ኤሌኒ የምትባለው የባንክ ሠራተኛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ስልኳን ከፍ አድርጋ የገደሉን ጫፍ እየቀረጸች ነበር። ዞር ስትል ውሃው መታጠፊያውን አልፏል፤ ቡናማ ነው፣ ግንዱንና ቅርንጫፉን ከፊቱ እየነዳ፣ ወገብ የሚያህል ሆኖ መጣ። ልጅቷ ድንጋዩ ላይ ተንበረከከች።

ሰውአገኝ የገመዱን አንድ ጫፍ ወገቡ ላይ ሲያስር፣ ሌላውን ጫፍ ለእንዳልካቸው ሲወረውር ባንቺአየሁ ከውሃው ወጥታ ከወዲህ ዳር አየች። ከበላይ በኩል ገባ። ውሃው ሁለት ጊዜ ሰወረው። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ኤሌኒን በብብቷ ሥር ይዞ አነሣት፤ ወዲያው አንድ ግንድ መጥቶ እግሩን ሲመታው ሁለቱም ተገለበጡ። ገመዱ ተወጠረ። ከማዶ እንዳልካቸው እየተንሸራተተ ሦስት እርምጃ ተጎተተ፤ ከዚያ እጁ ተከፈተ። ገመዱ እንደ እባብ እየተሳበ ውሃው ውስጥ ገባ።

ወንዙ ወደ ወዲህ ዳር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ዓይናዲስ እስከ ወገቧ ገብታ ነበር። ባንቺአየሁ የዓይናዲስን መቀነት በሁለት እጇ ይዛ ተረከዟን ከግራር ሥር ሰክታ ተቀመጠች። እንዴት እንዳወጧቸው ኋላ ስታስበው በትክክል አይታወሳትም። የምታስታውሰው የመቀነቱን ሻካራነት፣ ከዚያም ሁለቱ ሰዎች ጠጠሩ ላይ ተዘርረው ውሃ ሲያስታውኩ፣ የሰውአገኝ እግር ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተገሽልጦ ነጭ ነገር ሲታይበት ነው።

ዓይናዲስ ሻሿን ቀድዳ እግሩን አሰረችለት። ባንቺአየሁ ነጠላዋን ለኤሌኒ አለበሰቻት። ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ስልኬ» አለች አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ዓይናዲስ የድስቱን ጨርቅ ፈትታ ወጥ በእንጀራ አጥቅሳ አጎረሰቻት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ልቅሶው እስኪቆም ድረስ። እጇን ጠርጋ ስትነሣ ከባንቺአየሁ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

«ከብት ነው ብለውኝ ነበር» አለች ዝግ ብላ።

«አዎ።»

ዓይናዲስ ድስቱን መልሳ ጠቀለለችው።

ውሃው እስኪጎድል ሦስት ሰዓት ፈጀ። ማዶ ያሉት ገደሉ ሥር ተደርድረው ተቀምጠው፣ ወዲህ ያለውን አገልግል እያዩ ቆዩ። መጮህ ሞክረው ነበር፤ ግን ከውሃው ጩኸት የተነሣ አፋቸው ሲከፈት እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። ባንቺአየሁ ጫማዋን አድርጋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሰውአገኝ በክርኑ ተደግፎ ወንዙን ይመለከታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማንም ሳይል፣ «ገለባውን ከማዶ አላየሁትም» አለ። «አይቼው ቢሆን ኖሮ።» እህቱ የሻሹን ቋጠሮ አጠበቀችለት። ባንቺአየሁ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተሻገሩ። ሁሉም በሴቶቹ መንገድ ወጡ፤ ሰውአገኝ በአህያ።

የዓይናዲስ ምግብ ቤት ሁለት ረጅም ጠረጴዛ የያዘ አንድ ክፍል ነው። ወጡን አሙቃ አቀረበችላቸው፤ የማሽላ እንጀራ፣ በሎሚ የታሸ አምባዛ፣ አይብ በቃሪያ። ቀኑን ሙሉ የተራቡ ናቸውና እስኪጠግቡ ድረስ የሚሰማው የማኘክ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንደበታቸው ተፈታ። ስለ ቲቸር ነው የሚወራው። ድምፅዋን እንዴት እንደሰሙት፣ ገደሉ እንዴት እንዳስተጋባ፣ እሷ ባትኖር የዛሬ ማታ ለቅሶ እንደሚሆን። በጧቱ የቀለደው ልጅ ተነሥቶ ትከሻዋን ሳማት። ባንቺአየሁ ከፊቷ የቀረበውን አልነካችም።

እንዳልካቸውም አልበላም። ከደብተር በገነጠለው ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበው። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነው። አስጎብኚው የወንዙን ሁኔታ ሳያጣራ ሰዎችን ወደ ውሃ ማስገባቱን፣ አብረው የነበሩት መምህርት ባንቺአየሁ በጊዜ ባያስጠነቅቁ ኖሮ የስምንት ሰው ሕይወት ይጠፋ እንደነበር ይገልጻል፤ ስለዚህም ፈቃዱ እንዲሰረዝ ይጠይቃል።

«ሁላችንም እንፈርምበታለን» አለ። «ነገ ሌላ ሰው እንዳይሞት።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ኤሌኒ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያወጣኝ እሱ ነው» አለች።

«ያስገባሽም እሱ ነው» አለ እንዳልካቸው።

ፈረመች።

ሰውአገኝ ከደጁ ደፍ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ይሰማል። ዓይናዲስ በመካከላቸው እየተዘዋወረች የጎደለ ወጥ ትሞላለች። ባንቺአየሁ ጋ ስትደርስ ሳታያት አለፈች። ለምን እንደማትናገር ባንቺአየሁ ገባት። ማን ያምናታል? የተማረች ሴት ከብት ነው አለች ብትል፣ ወንድሟን ለማዳን የፈጠረችው ነው ይሏታል።

ወረቀቱ ከፊቷ ተቀመጠ። እንዳልካቸው እስክሪብቶውን ሲዘረጋላት መዳፉን አየች። በመካከሉ ገመዱ የበላው ቀይ መስመር አለ፤ መታየቱን ሲያውቅ ጨበጠው። ከማዶ እጁ ሲከፈት እሷ ከወዲህ ዳር ማየቷን አያውቅም። ለአፍታ ልቧ ወደዚያ ዘነበለ። ይህን ብትናገር ሌላው ሁሉ ይረሳል። ግን ልጁ የጻፈው ለምን እንደሆነ ከራሷ አውቃ ነበር፤ ሁለቱም ሸክማቸውን አንድ ሰው ላይ ሊጭኑ ነው፣ እሱም የቆሰለ።

ከጠረጴዛው ሥር እግሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ውጭ መኪናው ይጠብቃል። ስሟን ጽፋ ብትነሣ በሁለት ሰዓት ተኩል ጎንደር ትገባለች።

«እዚህ ላይ ስሕተት አለ» አለች።

እንዳልካቸው የፊደል ግድፈት መሰለውና ፈገግ አለ። «የቱ ጋ ነው ቲቸር?»

ጣቷን አስቀመጠችበት። «በጊዜ የሚለው ቃል። በጊዜ አላስጠነቀቅኋችሁም።»

ማንም አልገባውም።

«ገለባውን አይቻለሁ። አረፋውንም አይቻለሁ። ዓይናዲስ መጥታ ውሃው አፈር አፈር ይላል ብላኛለች፤ ወንድሟን ልትጠራው ነበር። ከብት ነው ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። እንዳልካቸው፣ አስተምሬሃለሁ፤ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።»

ማኘክ የቀጠለ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱም አቆመ። ከደፉ ላይ የሰውአገኝ ጀርባ ቀጥ አለ፤ ግን አልዞረም።

«ሊመጣ ምን ያህል ሲቀረው?» አለች ኤሌኒ። የባንቺአየሁ ነጠላ ገና ትከሻዋ ላይ ነበር።

«ሰባት ደቂቃ። ሰዓቴን አይቼ ነበር።»

«ለምን?»

መልሱን ፈለገችው። ጡረታውን፣ ጨውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔን አሰበች፤ አንዱም ለዚህች ልጅ የሚነገር አልነበረም።

«ውሃውን ልነካው ፈልጌ» አለች።

ኤሌኒ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደችና አጣጥፋ፣ በጥንቃቄ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተነሥታ ወጣች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሏት፤ ወንበር ሲያንቀሳቅሱ እንኳ ድምፅ እንዳያሰሙ የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። እንዳልካቸው የመጨረሻው ነው። ወረቀቱን አነሣ፣ ሊቀደው ይሁን ሊያስቀምጠው ሳይወስን በእጁ ይዞት ቆመ፤ ከዚያ በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተውና፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያገናኝ፣ በሰውአገኝ እግር ላይ ተሻግሮ ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ዓይናዲስ ገበታዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። የዕቃ ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ። ስትመለስ በአንድ እጇ ጆግ፣ በአንድ እጇ ሳፋ ይዛ ነበር።

«እጅዎን» አለቻት። «ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

በድምፅዋ ውስጥ ምሕረትም ቁጣም አልነበረም፤ ደጇ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምትለው ይመስላል። ባንቺአየሁ እጇን ዘረጋች። ከጥፍሮቿ ሥር የገባው የወንዝ ጭቃ ቀስ እያለ ለቀቀ፣ ሳፋው ውስጥ ቡናማ ሆኖ ተዘረጋ። ዓይናዲስ እስኪጠራ ድረስ ማፍሰሷን አላቆመችም። ከዚያ የቀዘቀዘውን ወጥ አንሥታ ትኩሱን አስቀመጠችና ከፊት ለፊቷ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ተቀመጠች።

ውጭ የመኪናው ሞተር ተነሣ። ጥሩንባ አንድ ጊዜ ተነፋ፤ በሩ ሲዘጋ ይሁን ሲከፈት የማይለይ ድምፅ መጣ። ባንቺአየሁ ቀና ብላ አላየችም። የማሽላውን እንጀራ ቆረሰች።